በበጋ ወራት ካርፕ የሚባለውን ዓሣ በሐይቅ ውስጥ ፈልጎ ስለ ማየት

ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተሰጠ ንግግር



በሐይቅ ዳር የሚወለድ ሕፃን በየጊዜው ዓሣ እየበላ ያድጋል፤ ነገር ግን ያ ዓሣ በየት እንደሚውል በየት እንደሚያድር ሳያውቅ የሚጐለምስ ብዙ ነው። የምድሩን አውሬ በዱካው፤ ወፉን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ከውሃ ዳር ሲደርስ የውሃውን ፊት ብቻ አይቶ ይመለሳል። ዓሣ አጥማጅም ቢኾን የዓሣውን ጠባይ ካላወቀ መረቡን በዘፈቀደ ይጥላል፤ በዘፈቀደ የሚጥል ሰው ጥቂት ስለሚይዝ መረቡን ያበዛል፤ መረቡም ሲበዛ ትንሹና ትልቁ፤ እንቁላል የያዘውና ያልያዘው ሳይለይ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ዓሣን ከመያዝ አስቀድሞ ዓሣን ማየት መማር ይገባል። ይህ ንግግር የተዘጋጀው በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ላሉት ልጆች ታስቦ ነው፤ ኾኖም ካርፕ ባለበት ውሃ ሁሉ ሊጠቅም ይችላል።

ዝዋይ፤ በኦሮምኛ ደምበል የሚባለው ሐይቅ፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተዘርግቶ ይገኛል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ 9 ሜትር ያህል ሲኾን በመካከለኛ ስሌት ከ2 ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም። መቂና ከታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በመካከሉ አምስት ደሴቶች አሉ፤ በነዚህም የሚኖሩት ዘይ የሚባሉት ሰዎች የታንኳንና የመረብን ሥራ ከአባት ለልጅ እያስተላለፉ ኖረዋል። ውሃው ጥልቀት የሌለው መኾኑን ተማሪው በልቡ ይያዝ፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ነገር አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

ካርፕ የዝዋይ ተወላጅ አይደለም። የጥንት አገሩ በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር ዙሪያ፤ በዳኑብ ወንዝም ነው። ሊኔዎስ የሚባለው የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ ስም አውጥቶለታል። በአውሮፓ አገር ይህን ዓሣ በኵሬ ማርባት የቈየ ሥራ ነው፤ በቦሄምያ አገር ሮዠምበርክ የሚባለው ታላቁ የዓሣ ኵሬ ከ1584 እስከ 1590 ዓ.ም. ተቈፍሮና ተገድቦ የተሠራው ስለ ካርፕ ነበር፤ እስከ ዛሬም ድረስ አለ። የዚያ አገር ሰዎች ሥጋ በማይበሉበት በልደት ዋዜማ ካርፕ ማቅረብን እንደ ሕግ ይዘውታል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በሰው እጅ ነው፤ ወደ ዝዋይም የገባው ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ነው። የቀድሞው የሐይቁ ጌታ ቆሮሶ ነበረ፤ ዛሬ ግን በአጥማጆች መረብ ውስጥ ካርፕ እጅግ በዝቶ ይታያል።

ወራቱን በሚመለከት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ መጻሕፍት ካርፕ በክረምት ከጥልቁ ጭቃ አጠገብ ተኝቶ ይከርማል፤ በሙቀት ወራት ይነሣል ተብሎ ይነበባል። ይህ ለዚያ አገር እውነት ነው፤ የዚያ አገር ክረምት በረዶ ነውና። በኢትዮጵያ ግን በአራቱ ክፍላተ ዘመን ስንኳ ቢኾን የዝዋይ ውሃ ዓሣውን እስኪያስተኛው ድረስ አይቀዘቅዝም። ልዩነቱ ከሙቀቱ ይልቅ በውሃው ጥራትና በነፋሱ ላይ ነው። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ባለው ክረምት መቂና ከታር አፈር ይዘው ይወርዳሉ፤ ዝናቡም የውሃውን ፊት ይደበድበዋል፤ በዚያ ጊዜ ምልክት መፈለግ ድካም ነው። ከታኅሣሥ 26 ቀን ጀምሮ በሚቈጠረው በጋና ከእርሱ በሚከተለው ፀደይ ግን ሰማዩ ይጠራል፤ ጠዋቱ ጸጥ ይላል፤ ውሃውም ከዳር እየሸሸ ጭቃውንና ሣሩን ይገልጠዋል። ለማየት የተመቸው ይህ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ መልኩ እንግባ። ካርፕ ወርቅማ ቡናማ ቀለም፤ ትልልቅ ቅርፊት፤ ወፍራም ገላ ያለው ዓሣ ነው። በላይኛው ከንፈሩ ዳር እንደ ጢም የተንጠለጠሉ አራት ሥሮች አሉት፤ በያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ኾነው፤ አንደኛው ጥንድ ከሁለተኛው ያጠረ ነው። በእነዚህ ጢሞች ጭቃውን እየዳሰሰ ምግቡን ይቀምሳል። የጀርባው ክንፍ ረጅም ነው፤ ከጀርባው መካከል ተነሥቶ እስከ ጅራቱ አቅራቢያ ይደርሳል፤ የፊተኛውም አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። የሐይቁ ተወላጅ የኾነው ባርበስ ጢም ቢኖረውም የጀርባው ክንፍ አጭር ነው፤ በዚህ ይለያል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፤ ጢሙ የረዘመና የበዛ ነው። ቆሮሶ ጢም የለውም፤ የጀርባው ክንፍም እሾሃማ ነው። ካርፕ መስሎ ጢም የሌለው ዓሣ ቢገኝ ግን ያ የካርፕ ዘመድ እንጂ ራሱ ካርፕ አይደለም፤ እርሱም በዝዋይ ውስጥ አለ።

ይህ ሁሉ ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ የሚታይ ነው። በውሃ ውስጥ ሳለ እንዴት ይታያል? በጠራ ኵሬ ቢኾን ዓሣውን ራሱን ማየት ይቻላል። የዝዋይ ውሃ ግን ነፋስ ከሥሩ ድረስ ስለሚያናውጠው የደፈረሰ ነው፤ ነጭ ሳሕን በገመድ አስሮ ወደ ውስጥ ያወረደ ሰው አንድ ክንድ ሳይሞላ ሳሕኑ ከዐይኑ ይሰወርበታል። ስለዚህ በዝዋይ ዳር የሚቆም ተማሪ ዓሣውን ሳይኾን ሥራውን ይፈልግ። ሌባን በዱካው እንደሚከተሉት ማለት ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚበልጠው አረፋ ነው። ካርፕ ሲበላ አፉን እንደ ወናፍ አድርጎ ጭቃውን ከነምግቡ ይስባል፤ ትሉን፤ ቀንድ አውጣውን፤ የሣሩን ፍሬ አስቀርቶ ጭቃውን ይተፋል። በጭቃው ውስጥ ተይዞ የነበረው አየር በዚያን ጊዜ ተለቆ ወደ ላይ ይወጣል። ታዲያ ከረግረግ በራሱ የሚወጣ አረፋም ስላለ ሁለቱን መለየት ያሻል። የረግረጉ አረፋ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ በዚያው ስፍራ ይደጋገማል። የካርፕ አረፋ ግን ይሄዳል፤ ዘለላ ዘለላ እየኾነ አንድ እርምጃ፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአረፋው ጋራ የደፈረሰ ውሃ እንደ ጢስ ይነሣል። ዓሣው ወደየት እያመራ እንደ ኾነ በዚህ ይታወቃል። አምባዛ ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ ከውሃ በላይ ያለውን አየር ስለሚተነፍስ ድንገት ብቅ ብሎ፤ ጠጥቶ፤ ተመልሶ ይሰጥማል፤ በሄደበትም ጥቂት አረፋ ይቀራል። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ በዚህ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ምልክት የደንገልና የፊላ መንቀሳቀስ ነው። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ከብዙ ፊላ መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከሥራቸው ነቅነቅ ሲሉ፤ ከዚያም የሚቀጥለው ሲነቃነቅ ቢታይ፤ ከሥሩ ወፍራም ዓሣ እየተጋፋ ያልፋል ማለት ነው። ካርፕ በሥራ ሥሩ ላይ የተጣበቁትን ትናንሽ ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎች ይለቅማል፤ የቀንድ አውጣውንም ልባስ በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ይሰባብረዋል። በአፉ ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ሕፃናት ይነክሳል ብለው ሊፈሩት አይገባም።

ሦስተኛው መዝለል ነው። ካርፕ ሙሉ ገላውን ከውሃ አውጥቶ በጐኑ ይወድቃል፤ ድምፁም እንደ ተጣለ ድንጋይ ነው። የሚዘልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። መዝለሉ ግን ዓሣው በዚያ አካባቢ መኖሩን ያስረዳል እንጂ በዚያች ቦታ እየበላ መኾኑን አያስረዳም። ለሚበላበት ቦታ ምስክሩ አረፋው ነው።

በጥልቀት ከስንዝር ባልበለጠ አሸዋማ ዳር እንደ ሳሕን የተቈፈሩ ክብ ጉድጓዶች ቢታዩ የካርፕ ሥራ አይደሉም። እነዚያን የሚቈፍረው ወንዱ ቆሮሶ ነው፤ ሴቲቱ በዚያ እንቁላሏን ጥላ፤ መልሳ በአፏ ትይዘዋለች። የነዚህን ጉድጓዶች ስፍራ ማወቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ ይነሣል።

ስለ አባ ኮዳም አንድ ቃል። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳ ተሰብስቦ ያየ ሰው፤ ወፉ ዓሣ ያለበትን አውቆ ነው ይላል። አይደለም። አባ ኮዳ የሚሰበሰበው አጥማጆች ዓሣ አርደው አንጀቱን በሚጥሉበት ስፍራ ነው። በአንጻሩ ዓሣ በል ንስር ከረጅም ዛፍ ላይ ኾኖ ወደ አንድ ስፍራ ደጋግሞ ቢወርድ ያ እውነተኛ ምልክት ነው፤ ነገር ግን እርሱ የሚያነሣው በውሃው ፊት አጠገብ ያለውን ነው እንጂ ከጭቃው ሥር ያለውን አይደለም።

አቋቋምም ትምህርት አለው። ካርፕ የሚሰማ ዓሣ ነው፤ በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት በትናንሽ አጥንቶች አማካይነት ከጆሮው ጋራ የተያያዘ ስለ ኾነ በውሃ ውስጥ ያለውን መንቀጥቀጥ ፈጥኖ ያውቃል። በዳር ቆሞ በቀስታ መነጋገር ብዙም አያስሸሸውም፤ የአየር ድምፅ ወደ ውሃ የሚገባው ጥቂት ነውና። መሬቱን እየረገጡ መሮጥ፤ ታንኳውን በመቅዘፊያ ማንኳኳት ግን ያባርረዋል። እንዲሁም ዓሣ ወደ ላይ ሲመለከት የውጩን ዓለም በአንዲት ክብ መስኮት እንደሚያይ ሰው ያያል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በዚያች መስኮት ውስጥ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ግን ከመስኮቷ ጠርዝ ሥር ይቀራል። ስለዚህ ተማሪው ይቀመጥ፤ ጥላውም በውሃው ላይ አይውደቅ። ሰፊ ባርኔጣ ወይም በግንባር ላይ የተደረገ መዳፍ ከላይ የሚመጣውን ብልጭታ ይቀንሳል።

ውሃ በጠራበት በማንኛውም ስፍራ ዓሣ በሚታይበት ቦታ እንደማይገኝ መምህሩ በክፍል ውስጥ ያሳይ። ይኸውም በአንድ ጐድጓዳ ሳሕን ውስጥ ሳንቲም ያስቀምጥ፤ ልጁ ሳንቲሙ ከሳሕኑ ጠርዝ ሥር እስኪሰወርበት ድረስ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ውሃ ቀስ አድርጎ ያፍስስ። ሳንቲሙ ሳይንቀሳቀስ ይታያል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ በውሃ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ላይ የቀረበ መስሎ ይታያል፤ ከላይ ቀጥታ ለሚመለከት ሰው 4 ሜትር የጠለቀው 3 ሜትር ያህል ይመስለዋል። በጦር ዓሣ የሚወጋ ሰው ከሚያየው ስፍራ ዝቅ አድርጎ የሚወረውረው ስለዚህ ነው።

ሰዓቱን በሚመለከት፤ ከሁሉ የሚሻለው ከንጋት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው ነው። በዝዋይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም አረፋውን ይሸፍነዋል። በንጋት የሚታየው ሌላ ነገርም አለ። ሌሊት የውሃ ዕፅ ሁሉ እንደ እንስሳ አየር ይተነፍሳል እንጂ አየር አይሠራም፤ የሞቀ ውሃም ከቀዘቀዘው ይልቅ የሚይዘው ሕያው አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ ነፋስ በማይደርስበትና ሣር በበዛበት ሰላጤ ውስጥ ንጋት ሲደርስ አየሩ ይጐድላል፤ ካርፕም አፉን ወደ ውሃው ፊት አውጥቶ እየከፈተና እየዘጋ ሲተነፍስ ይታያል። ይህን ያየ ልጅ ዓሣው ምግብ እየለመነ ነው ብሎ ያስብ ይኾናል፤ ዓሣው ግን ታፍኖ ነው። በብዙ ቀን ተደጋግሞ ከታየ ለዓሣ ሀብት ሠራተኛ መንገር ይገባል። በቀትር ደግሞ፤ ነፋስ ገና ሳይነሣ፤ ጀርባውን ከውሃው ፊት አጠገብ አድርጎ ፀሓይ የሚሞቅ ካርፕ በሣር መካከል ይገኛል፤ ያን ጊዜ ጸጥ ብሎ ስለሚቆም የወደቀ ግንድ ይመስላል። ነፋሱ ከተነሣ በኋላ የሚፈልግ ሰው ነፋሱ ወደሚገፋበት ዳር ይሂድ፤ የሞቀው ውሃና ተንሳፋፊው ምግብ ወደዚያ ይሰበሰባልና፤ ዓሣውም ይከተለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክፍል መምህራን ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ በጠዋት፤ ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍ ሣራማ ስፍራ፤ ብዙ ካርፕ ተሰብስቦ ሲራወጥ፤ ጀርባውና ጅራቱ ከውሃ ወጥቶ ሲረጭ ይታያል። ይህ ጠብም ጨዋታም አይደለም። አንዲቱ ሴት እንቁላሏን ስትጥል ወንዶቹ እየተከተሉ ዘራቸውን ያፈስሳሉ። እንቁላሉ ከሰናፍጭ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፤ የሚጣበቅ ነው፤ በሣሩ ላይ ተለጥፎ ውሃው ሞቃት ከኾነ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። አንዲት ትልቅ ካርፕ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ ዓሣው ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው፤ ከሰው የማይሸሸው፤ በዱላ እንኳ የሚመታው በዚህ ሰዓት ነው። ድኻ አባት ይህን አይቶ መረቡን ቢጥል አይደንቅም፤ ቤቱ የተራበ ሰው ነገን ለማየት ይቸገራል። ነገር ግን በዚያ ጠዋት የሚወጣው አንድ ቅርጫት ዓሣ የሚቀጥለውን ዓመት መረብ ባዶ ያደርገዋል፤ ሣሩ በእግር ሲረገጥም አስቀድሞ የተጣለው እንቁላል ከጭቃ ጋራ ይቀበራል። ልጅ አባቱን መገሠጽ አይገባውም፤ ያየውን ስፍራ ግን ለመምህሩ ቢነግር፤ መምህሩም ለመንደሩ ሽማግሌዎችና ለአጥማጆች ማኅበር ቢያስታውቅ፤ ያ ሰላጤ ለጥቂት ሳምንት ሳይነካ እንዲቈይ ሊስማሙ ይችላሉ። የቆሮሶው ጉድጓድ የበዛበት ዳርም እንዲሁ ነው።

ካርፕ ጭቃ እየቈፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ሣሩን ይነቅላል፤ ቆሮሶን የጐዳ እርሱ ነው የሚል ወቀሳ በሐይቁ ዙሪያ ይሰማል። ወቀሳው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በብዙ አገር ተመርምሮ ካርፕ እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቋል። ነገር ግን ደንገሉን ቈርጦ እስከ ውሃው ጠርዝ የሚያርሰው፤ ቀዳዳው የጠበበ መረብ የሚጥለው፤ ውሃውን በመኪና ስቦ እርሻ የሚያጠጣው ካርፕ አይደለም። ፍርዱ ለሁሉም በየድርሻው ይሁን።

ስለ ሕይወት ጥበቃ የሚነገረው አጭር ነው፤ ቸል ሊባል ግን አይገባም። በዝዋይ ዳር በሣሩ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አካል አድጎ የሚወጣ ቢልሃርዚያ የሚባል ትል አለ፤ ወደ ውሃ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ አንጀትንና ጉበትን ይጐዳል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ይልቁንም ፀሓይ በጠነከረበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ተማሪው ዓሣውን ከደረቅ ዳር ወይም ከታንኳ ላይ ኾኖ ይመልከት፤ ባዶ እግሩን ወደ ሣሩ ውስጥ አይግባ፤ በውሃ ዳርም አይጸዳዳ፤ የትሉ እንቁላል ወደ ውሃ የሚገባው ከሰው ዐይነ ምድር ነውና። የጤና ሠራተኞች ኪኒን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ማንም አይቅር። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ጉማሬ ሌሊቱን በየብስ ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው ዓሣ ለማየት ደኅና በተባለው በንጋት ሰዓት ነው፤ የሚመላለስበትም መንገድ በደንገሉ መካከል የተጠረገ ጐዳና ኾኖ ይታወቃል። በዚያ ጐዳና ላይ የተቀመጠ ልጅ በጉማሬውና በውሃው መካከል ገብቷል፤ ጉማሬም ወደ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ሲዘጋበት አይታገሥም። እንግዲህ ማንም ብቻውን አይውጣ፤ ከአዋቂ ጋራ ይሂድ፤ ፀሓይ ወጥታ ዳሩ በግልጥ እስኪታይ ይጠብቅ። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ከአረፋው ጥቂት ያመልጠዋል፤ ሌላ የሚቀርበት ነገር የለም።

ለመመልከቻ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፤ ሰዓቱ፤ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፤ የታየው ምልክት፤ ስፍራውም ከታወቀ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ስንት እርምጃ እንደ ኾነ ይጻፍበት። አንድ ቀን የታየ አረፋ ጥርጥር ነው፤ በሦስት ጠዋት በአንድ ስፍራ ከታየ ግን ዓሣው የሚመላለስበት መሰማሪያ ነው ማለት ይቻላል። ለማረጋገጥ ተማሪው አንድ እፍኝ የተቀቀለ በቆሎ ወደዚያ ስፍራ ጥሎ ይቀመጥ፤ ካርፕ በቆሎ ይወዳልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፋው ይበዛ እንደ ኾነ ይመልከት። ያልታየበትንም ቀን አልታየም ብሎ ይጻፍ፤ ብዙ ልጆች ይህን ይዘሉታል። በፀደይ መጨረሻ፤ ዝናቡ ሳይጠነክር፤ የሁሉም ደብተር ተሰብስቦ የሐይቁ ዳር በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ይሣል፤ ካርፕ የሚበላበት በአንድ ቀለም፤ እንቁላል የሚጥልበት በሌላ ቀለም ይመልከት። ወረቀቱም በመምህሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ በሚመጣው በጋ ሌሎች ልጆች ከዚያው ስፍራ ይጀምራሉና።